ባንኮክ ለሕክምና ብቻ አይደለችም፦ ከባለቤቴ ጋር 8 ሌሊት በእግር፣ በጀልባና በምግብ

የወንዝ_ዳር | የካቲት 20 ቀን 2017

ሰላም ቤተሰብ። ባንኮክ ሄደን እንደመጣን ለጎረቤቴ ስነግራት ፊቷ ክው አለና «ውይ፣ ማንኛችሁ ነው የታመማችሁት?» አለችኝ። አልፈርድባትም። እኔም ከተማዋን መጀመሪያ ያወቅኋት በእናቴ ሕመም ነው። ከ6 ዓመት በፊት ሱኩምቪት አካባቢ ሦስት ሳምንት አስታምሜያታለሁ። ማታ ማታ እናቴ ስትተኛ መስኮቱ ጋ ቆሜ ከታች ቅያሱ ውስጥ የተደረደሩትን የምግብ ጋሪዎች አያለሁ። እሳቱ ይታየኛል፣ ጭሱ ይታየኛል፣ ሽታው ግን አይደርሰኝም። አንድ ሌሊት ለባለቤቴ ደውዬ «እማዬ ትዳንልኝ እንጂ አንድ ቀን አብረን መጥተን እዚያ ታች እንበላለን» አልኩት። እማዬ ድናለች፣ ተመስገን። ዘንድሮ ጥር ላይ ደግሞ ትዳራችን 10 ዓመት ሞላው።

ጥምቀትን አክብረን፣ ቃና ዘገሊላን ውለን፣ ጥር 13 ማክሰኞ ሌሊት ወጣን። ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ፣ ወደ 9 ሰዓት ይፈጃል። ከመግቢያ ማኅተም በፊት የጤና ቁጥጥር መስኮት ላይ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ የተወሰደ መሆን አለበት። ቪዛችንን እዚሁ ሳለን በኢንተርኔት ጨርሰን ነው የሄድነው። ከኤርፖርት እስከ ፓያ ታይ ባለው ባቡር በነፍስ ወከፍ 45 ባት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) ከፍለን ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መሀል ከተማ ገባን።

በመጀመሪያው ቀን ምሳ በልተን ደረሰኙን ሳየው ዓመቱ 2568 ይላል። ባለቤቴ ስህተት መስሎት ሊመልሰው ነበር። ለካ እነሱም የራሳቸው ዘመን አላቸው፤ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል። እኛ 2017፣ ፈረንጁ 2025፣ እነሱ 2568። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዘመን ይዘን ቁጭ ስንል አገሩ ወዲያው ቀረበኝ።

ስለ ምግቡ ልንገራችሁ፣ የሄድነውም ለእሱ ነውና። ዓርብ ጥር 16 ሲሎም አካባቢ አንዲት ሴትዮ ጋሪዋን አቁማ ሶም ታም ትሠራለች። ሶም ታም ያልበሰለ ፓፓያ በቀጭኑ ተከትፎ ከፎሶሊያ፣ ከቲማቲም፣ ከለውዝ፣ ከሎሚ፣ ከዘንባባ ስኳርና ከቃሪያ ጋር በሸክላ ሙቀጫ የሚወቀጥ ነው። ዘነዘናዋን በቀኝ እጇ እየወቀጠች በግራዋ በማንኪያ ታገላብጣለች። ድምፁን ስሰማ የአያቴ ጓሮ ትዝ አለኝ። ቀኑ ጾም ስለሆነ «ማይ ሳይ ናም ፕላ» አልኳት፤ ከዓሣ የሚሠራውን ጨዋማ ፈሳሽ አትጨምሪ ማለት ነው። «ማይ ሳይ ኩንግ» ደግሞ ሽሪምፕ አትጨምሪ ነው። ደረቁን ሽሪምፕ አስቀድመው ካልነገሯቸው ሳያስቡት ነው የሚበትኑበት። ቃሪያው ትንሽ ነው፣ ግን እንደ ሚጥሚጣ አናት ይበሳል። ከአጠገቡ በዘንቢል መሳይ ዕቃ ተጣባቂ ሩዝ ይመጣል፤ በእጅ እየጠቀለሉ ነው የሚበሉት። ባለቤቴ ሩዙን ጠቅልሎ፣ በፓፓያው ነክሮ አጎረሰኝ። ሴትዮዋ ሙቀጫዋን ትታ አየችንና ስቃ ለጎረቤቷ በእጇ አሳየቻት። ሁለተኛውን ጉርሻ እኔ ሰጠሁት። ሴትዮዋ ሒሳቡን ስትቀበለኝ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ጨመረችልኝ። ከስድስት ዓመት በፊት በመስኮት ያየሁት ነገር በዚያች ቅጽበት አፌ ውስጥ ገባ።

ጉብኝቱንም አልተውነውም። ንጉሣዊው ግቢ ለውጭ ዜጋ 500 ባት ነው፣ ከጠዋቱ 2፡30 ይከፈታል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላዬ እዚህ በጣም ጠቀመኝ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አጥሩ ጥግ ላይ ጥሩ የለበሰ ሰው ቀርቦን «ዛሬ በዓል ነው፣ እስከ ከሰዓት ዝግ ነው» አለንና ቱክ ቱክ የሚሉትን ባጃጅ በ40 ባት አስማማልን። ባጃጁ አንድ ቤተ መቅደስ አሳይቶ በቀጥታ ጌጣጌጥ ሱቅ አስገባን፣ አንድ ሰዓት ተኩል አቃጠልን። ግቢው ክፍት ነበር። ዋናው በር ድረስ ሄዳችሁ በዓይናችሁ ሳታዩ ማንንም አትመኑ።

የተጋደመው ቡድሃ ያለበት ቤተ መቅደስ፣ ዋት ፖ (300 ባት)፣ ቀጥሎ ነው፤ ሐውልቱ 46 ሜትር ይረዝማል። እኔን የነካኝ ግን ዋት ትራይሚት ነው። 5.5 ቶን የሚመዝን የወርቅ ሐውልት ለዘመናት በልስን ተሸፍኖ ተራ ድንጋይ መስሎ ኖረ። በ1955 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወደ ሌላ ሕንፃ ሲያዛውሩት ገመዱ ተበጥሶ ወደቀ፣ ልስኑ ተሰነጠቀ፣ ወርቁ ታየ። ከበርማ ወራሪዎች ሊሸሽጉት የለበጡት ሰዎች ምሥጢሩን ሳይናገሩ እንደሞቱ ይታመናል። ታቦትና መጻሕፍታቸውን በዋሻና በጣና ደሴቶች የሸሸጉት አባቶቻችን ትዝ ብለውኝ ብዙ ቆምኩ።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።

---

ሙሽራዋ_ለግንቦት | የካቲት 20 ቀን 2017

እህቴ ጉርሻው ጋ ስደርስ አለቀስኩ። እኛ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እንጋባለን፤ ለጫጉላ ባንኮክ ወይስ ሌላ ቦታ እያልን ነበር፣ አሁን ቆረጥኩ። እጮኛዬ አንድ ነገር ብቻ ያስፈራዋል፦ የአሳማ ሥጋ። ሳናውቀው ብንበላስ? ደግሞ በቀን ስንት አወጣችሁ?

---

የወንዝ_ዳር | የካቲት 21 ቀን 2017

እሰይ እንኳን ደስ አላችሁ! ለሁለታችን ምግብ፣ ጀልባና ባቡር ተደምሮ በቀን 1,200 ባት ገደማ በቅቶናል፤ መግቢያ ክፍያና ሆቴል ለብቻው ነው። የጋሪ ምግብ አንድ ሳህን ከ60 እስከ 80 ባት ነው የበላነው።

አሳማው እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ አለ። «ማይ ሳይ ሙ» ማለት አሳማ አትጨምር ነው። እኛ ግን ቃሉን ብቻ አላመንም፤ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ ጋሪ እንመርጥ ነበር። ካው ማን ጋይ የሚሸጥ ዶሮውን መስታወት ውስጥ ሰቅሎ ታያላችሁ፦ የተቀቀለ ዶሮ፣ በዶሮ ስብ የበሰለ ሩዝ፣ ዝንጅብል ያለው ማባያ። ባለቤቴ ሦስት ቀን እሱን በላ። ፓድ ክራፓው የሚባለውን የቅጠል ጥብስ በዶሮ ጠይቁ። ቅጠሉ መጥበሻው ላይ ሲወድቅ ሽታው የበሶብላ ዘመድ መሆኑን ይነግራችኋል።

---

ባንኮክ_ነዋሪ | የካቲት 21 ቀን 2017

እዚህ ስኖር 7 ዓመቴ ነው፤ የወንዝ ዳር፣ ጥሩ ጽፈሻል። አንድ እርማት ግን አለኝ። «ማይ ሳይ ሙ» ብለሽ ኑድል ብታዝዢ ሥጋውን ያስቀሩልሻል፣ መረቁ ግን በአሳማ አጥንት የተቀቀለ ሊሆን ይችላል። የጀልባ ኑድል የሚሉት ጥቁር መረቅ ደግሞ በደም ነው የሚወፍረው፤ የላምም ይሁን የአሳማ ለኛ አይሆንም። ሙሽሪት፣ ይህን ለእጮኛሽ ንገሪው።

ጾመኛ ለሆነ ሰው ደግሞ ትልቁ ሀብት «ጄ» የሚለው ምልክት ነው። ቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ ይጻፋል፤ ፊደሉን ለማያውቅ ሰው 17 ቁጥርን ይመስላል። ያ ያለበት ቤት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም። እንዲያውም ከኛ ጾም ይጠብቃል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። በቻይኖች ዘጠነኛ ወር፣ በኛ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ገደማ፣ ዘጠኝ ቀን ያዋራት የሚባለው የቻይኖች ሰፈር በሙሉ ቢጫ ይለብሳል።

ስለ ዘመኑ ጽፈሻል፣ ሰዓቱንስ ልብ ብለሻል? ታዮች በተለምዶ ሲናገሩ ከምሽቱ 1 ሰዓትን «ኑንግ ቱም» ይሉታል፣ አንድ ማለት ነው። ፈረንጁ 7 የሚለው። ሁለት ሰዓት «ሶንግ ቱም»፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስት ሰዓት ከኛ ጋር አንድ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ እንለያያለን። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ በታይኛ «ሁለት ሰዓት ማታ» ብሎ ሲቀጥረኝ ሳላስብ በሰዓቱ ደረስኩ፤ ሌሎቹ የውጭ ሰዎች ግራ ተጋብተው ነበር።

---

የወንዝ_ዳር | የካቲት 21 ቀን 2017

ይህን ሳላውቅ በመመለሴ ተቆጨሁ! አስተናጋጇ ጣቷን ሁለት አድርጋ ስታሳየን እኛ በደንብ ገብቶን ነበር፤ ለምን እንደገባን ነው ያልገባን። ስለ መረቁም አመሰግናለሁ ወንድሜ።

---

የጅማ_ልጅ | የካቲት 22 ቀን 2017

እኔና ባለቤቴ ከረመዳን በኋላ እናስባለን። ሐላል ችግር አለው? ሆቴል ውስጥ ብቻ መብላት አንፈልግም፣ እኛም እንደናንተ መንገድ ዳር መቀመጥ ነው የምንፈልገው።

---

ባንኮክ_ነዋሪ | የካቲት 22 ቀን 2017

ረመዳን ከሪም ወንድሜ። ምንም አትቸገሩ። ናና አካባቢ፣ ሱኩምቪት ቅያስ 3፣ የዓረብ ምግብ ቤት በየበሩ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤትም እዚያው አለ፣ እንጀራ ካማራችሁ። ግን እዚህ ድረስ መጥታችሁ የዓረብ ሩዝ ብቻ አትብሉ። ቻሮን ክሩንግ መንገድ ላይ ሃሩን መስጊድ አለ፣ ከወንዙ ብዙም አይርቅም። በመስጊዱ ዙሪያ የታይ ሙስሊሞች ሰፈር ነው፤ ማሳማን ወጥ ጠይቁ። ድንች፣ ለውዝ፣ የኮኮናት ወተት፣ ቀረፋና ሄል አለው፤ ሽታው ከቤታችሁ ሩቅ አይሆንባችሁም። ማታ ደግሞ ሮቲ የሚጋግሩት ጋሪዎች ብዙዎቹ የሙስሊሞች ናቸው፣ ሙዝ ከትተው በቅቤ ያጥፉላችኋል።

---

ሒሳብ_ያዥ | የካቲት 23 ቀን 2017

ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፣ ግን ከልቤ ልናገር። በዚህ የኑሮ ውድነት ለ8 ቀን ምግብና ሽርሽር ይህን ያህል ዶላር ማውጣት ይከብደኛል። አርባ ምንጭ፣ ላሊበላ፣ ሐረር እያለ! ለሕክምና የሚሄድ ሰው ገንዘብ ለምኖ በሚሄድበት ከተማ መዝናናት አልከበደሽም ወይ?

---

የወንዝ_ዳር | የካቲት 24 ቀን 2017

ወንድሜ፣ ጥያቄህ አላስከፋኝም። ከብዶኛል። አንድ ቀን ያንን ሆስፒታል በእግሬ አልፌዋለሁ፤ በሩ ላይ አንዲት ነጠላ የለበሰች እናት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ ልጇ ውሃ ያጠጣታል። ሄጄ ሰላም አልኳቸው፣ ብዙ አወራን። ልጁ ከሆስፒታሉ ሌላ ምንም አላየም፣ ልክ እንደኔ። በማግስቱ ባለቤቴ እናቱ ጋ ሲቀመጥ እኔ ልጁን በጀልባ ይዤው ሄድኩ። አንድ ሰዓት ነው የቆየነው። ከጀልባው ሲወርድ ቀለል ብሎት አየሁት።

ገንዘቡን በሦስት ዓመት ዕቁብ ነው ያጠራቀምነው፣ ከማንም አልተበደርንም። ሐረርና ላሊበላ ሄደናል፣ ደግመንም እንሄዳለን። ይሄኛው ግን ከራሴ ጋር የገባሁት ቃል ነበር።

---

ሒሳብ_ያዥ | የካቲት 24 ቀን 2017

የልጁን ነገር ስላወራሽኝ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ለኩላሊት እዚያው ሄዶ ነበርና ቶሎ ያመኛል። ቃልሽን ፈጽመሻል።

---

ዘተዋሕዶ | የካቲት 26 ቀን 2017

ዐቢይ ጾም ላይ ሆነን ስለ ምግብ ማውራቱን ልተወውና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ክርስቲያን ሆነሽ ቤተ ጣዖት መግባትሽ አላስጨነቀሽም? በክፋት አይደለም የምጠይቅሽ።

---

የወንዝ_ዳር | የካቲት 26 ቀን 2017

በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ከመሄዳችን በፊት የንስሐ አባታችንን ጠይቀናል። «ለማየት ግቡ፣ አትስገዱ፣ መባ አትስጡ» አሉን። ዋት ፖ ውስጥ ከተጋደመው ሐውልት ጀርባ 108 የነሐስ ጎድጓዳ ዕቃ ተደርድሯል፤ ሰው ለበረከት ብሎ በየአንዳንዱ ሳንቲም ይጥላል፣ ድምፁ አዳራሹን ይሞላዋል። እኛ አልጣልንም፣ ማንም «ለምን?» አላለንም። ጫማችንን አውልቀን ገባን፣ ዝም ብለን አየን፣ ወጣን። ጫማ ማውለቅ ከኛ ቤተ ክርስቲያን ስለማውቀው እንግዳ አልሆነብኝም። ሌላው ሰው ግን ከራሱ አባት ጋር ይመካከር፣ እኔ ለማንም ፈቃድ ሰጪ አይደለሁም።

---

እናት_ዓለም | የካቲት 28 ቀን 2017

ልጆቼ እንደምን ከረማችሁ። እኔ 63 ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ 70 ሊሞላው ነው። ልጃችን ከዱባይ ቲኬት ልኮልን ባንኮክ እንገናኝ ብሎናል። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፣ እሱ ደግሞ አስም አለበት። እንችለዋለን?

---

የወንዝ_ዳር | የካቲት 29 ቀን 2017

እማማ፣ ለጉልበትዎ ዘዴ አለው። ከተማዋን በወንዙ ይዩዋት። ሳፋን ታክሲን በሚባለው ባቡር ጣቢያ ሥር ሳቶን የሚባል የጀልባ ማቆሚያ አለ። ብርቱካንማ ባንዲራ ያለው የሕዝብ ጀልባ ሩቅም ቅርብም 16 ባት ነው። ነፋስ አለ፤ ቤተ መቅደሱም፣ ግቢውም፣ አሮጌው ሰፈርም ከውሃው ላይ ይታያል። ለመነኮሳት የተለየ ቦታ ስላለ ወደ መሀል ይቀመጡ። ታ ቲየን ወርደው በአጭር ጀልባ ወደ ማዶ ወደ ዋት አሩን መሻገር ይችላሉ። ግንቡ በተሰባበረ የቻይና ሸክላ የተለበጠ ነው፣ ቀርበው ሲያዩት የሳህን አበባ ያገኙበታል። ደረጃው ግን ቀጥ ያለ ነው፣ እርስዎ አይውጡት። ከታች ሆነው ማየቱ ይበቃል።

ስለ አስሙ አልደብቅዎትም። እኛ በሄድንበት ሰሞን አየሩ በደቃቅ ብናኝ ተመርዞ ነበር። ጥር 16 ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከጥር 17 እስከ 23 መንግሥት ሰው መኪናውን እንዲያቆም ብሎ ባቡርና አውቶቡስ በነፃ አደረገ። እኛ በዚያው ነፃ ባቡር ቻቱቻክ የሚባለውን የቅዳሜና እሑድ ገበያ ሄድን፤ ከመርካቶ የማይተናነስ ግርግር ነው፤ ግን ማታ ጉሮሮዬ ይከረክረኝ ነበር። ለጋሼ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ በታኅሣሥና በየካቲት መካከል ባይሄዱ እመርጣለሁ።

---

ባንኮክ_ነዋሪ | የካቲት 29 ቀን 2017

ትክክል ናት እማማ። የዝናቡ ወራት አየሩን ያጥበዋል፣ ከሰኔ በኋላ ይተነፈሳል። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይሄዳል። ጠዋት ሉምፒኒ መናፈሻ ይግቡ፤ ኩሬው ዳር አርጃኖ በነፃነት ሲንጎማለል ያያሉ፣ ካልነኩት አይነካም። ማታ 12 ሰዓት ላይ እዚያ ከሆኑ ደግሞ ብሔራዊ መዝሙር ሲሰማ ሯጩም ተራማጁም ባለበት ይቆማል፣ እርስዎም ይቁሙ።

---

ሙሽራዋ_ለግንቦት | መጋቢት 3 ቀን 2017

እጮኛዬ ውይይቱን በሙሉ አነበበ። ስለ መረቁ ያነበበው አስፈራው፣ የዶሮ ሩዙ ግን አሸነፈው። ቲኬት ቆረጥን! ጾምን በተመለከተ ግንቦት በዓለ ኃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ አንጾምም። ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ ያዋራት ማታ ምን ይመስላል? የሶም ታሟን ሴትዮስ የት ነው የማገኛት?

---

ባንኮክ_ነዋሪ | መጋቢት 3 ቀን 2017

ለጉዞው አንድ አዲስ ነገር ልጨምር፦ ከሚያዝያ 23 ጀምሮ የውጭ ሰው ሁሉ ከመድረሱ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የመግቢያ ካርድ በኢንተርኔት መሙላት አለበት። ነፃ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካያችሁ ውጡ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ማንጎው ገና አያልቅም፣ ከተጣባቂ ሩዝና ከኮኮናት ወተት ጋር ብሉት። ዱሪያንም ይጀምራል፤ እዚያው ገበያ ላይ ብሉት፣ ሆቴልና ባቡር ውስጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

---

የወንዝ_ዳር | መጋቢት 4 ቀን 2017

ያዋራት የሄድነው ጥር 21 ረቡዕ ነው። አስተርዮ ማርያም ነበረች፣ ለቻይኖቹ ደግሞ የዘመን መለወጫቸው። መንገዱ በቀይ ፋኖስ ተሸፍኖ፣ ሰው ከሰው ተጣብቆ፣ እኛ ቢጫውን «ጄ» ፍለጋ እጅ ለእጅ ተያይዘን ዞርን። አግኝተን ቶፉና እንጉዳይ በላን። እናንተ ስትሄዱ ያን ያህል አይጨናነቅም። ዋት ማንግኮን የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ውረዱ፣ ከ1 ሰዓት ማታ በኋላ ሂዱ፣ ሰኞ ብዙዎቹ ጋሪዎች ስለማይወጡ ሌላ ቀን ይሁን።

ሴትዮዋን ለማግኘት ሳላ ዴንግ ጣቢያ ውረጂ። በሲሎም መንገድ ትንሽ ሂጂና ኮንቬንት ወደሚባለው መንገድ ታጠፊ። በምሳ ሰዓት ሂጂ፣ የቢሮ ሠራተኛው ሁሉ ያኔ ነው የሚወጣው። ጋሪ ብዙ ነው፤ የሷ አረንጓዴ ጃንጥላ አለው፣ ሙቀጫዋ ጥቁር ሸክላ ነው። በግራ በኩል ሁለት የፕላስቲክ በርጩማ አለ፣ እኛ የተቀመጥነው እዚያ ነው። ቃሪያ «አንድ» በይያት፣ ሁለት ይበዛል።